ክሩ የሚበጠስበት ቦታ

የልጅ ልጄ የቫዮሊኗን ሳጥን ስትከፍት የሙጫው ሽታ ቀድሞ ይወጣል። በደጋኑ ላይ የምትቀባው፣ የረጋ ማር የመሰለ ሙጫ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ የውጭው በረዶ ሳሎኑን አብርቶት፣ አንድ ዜማ ስትለማመድ የማን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ኦልድ ሶንግ ነው፣ እማማ። ኮምፖዘሩ እንግሊዝ ነው። ግን እሱ አይደለም የፈጠረው፤ ከአንድ ፋርመር ነው የሰማው።»

ስሙን ስትነግረኝ አወቅኩት። ስለዚህ የሙዚቃ ደራሲ መጀመሪያ የሰማሁት አዲስ አበባ፣ ተማሪ ሳለሁ ነው። እንግሊዛዊቷ የሙዚቃ አስተማሪያችን ስለ እሱ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። በወጣትነቱ በየገጠሩ በእግሩ እየዞረ፣ ከገበሬዎችና ከአሮጊቶች ዘፈን እየለመነ በኖታ ይጽፍ ነበር። የሚተነፍሱበትን ቦታ እንኳ አይተውም ነበር አለችን። ከዚያ እኛም ከየቤታችን አንድ የቆየ ዘፈን እንድናመጣ አዘዘችን። የተመረጠላት ልጅ በዓመቱ መዝጊያ በዓል ብቻዋን ትዘፍናለች።

እኔ አልተጨነቅኩም። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች የምታንጎራጉረው ዜማ ነበራት። ቃሉን መኪናው ስለሚውጠው አንድም ቀን አጥርቼ ሰምቼው አላውቅም። ስጠይቃት ቀና እንኳ አላለችም።

«ሂጂ ትምህርትሽን አጥኚ። ዘፈን ተማሪ ብዬ ነው የላኩሽ?»

በማግስቱ ጓደኛዬ ቤታችን መጣች። እናቷ ሞታባት አክስቷ ዘንድ የምታድግ ልጅ ነበረች። ልብስ አስጥቼ ከጓሮ ስመለስ የመኪናው ድምፅ የለም። እናቴ ለሰው ብላ ሥራ ስታቆም አይቼ አላውቅም ነበር። ጓደኛዬ በቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል እግሯ ሥር ተቀምጣለች፤ እናቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትዘፍንላታለች። በሩ ላይ ቆምኩ። ማንም አላየኝም።

«ለእኔ እምቢ ብለሽ?» አልኳት በኋላ።

«አንቺ እኔ አለሁሽ። እሷ ማን አላት?»

እውነቷን ነበር። ቅናቴ ግን በዚህ አልበረደም።

የተመረጠችው ጓደኛዬ ነበረች። ዜማው መሀል ላይ ድንገት ቆም ይልና ይቀጥላል። አስተማሪያችን እንግሊዛዊው ቢሰማው ይህችን ዝምታ ሳይጽፋት አያልፍም ነበር ብላ አደነቀች። ዝምታዋ ምን እንደሆነች የማውቀው እኔ ነበርኩ፦ እናቴ ክሩን በጥርሷ የምትበጥስበት ቦታ ናት። ልማድ ሆኖባት መኪናው ቆሞም እዚያ ታቋርጥ ነበር። ጓደኛዬ እሱንም ሳታስቀር ወስዳዋለች። እናቴ ከፊት ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ለእኔ አልቅሳ አታውቅም።

እነዚያ ገበሬዎችስ ልጆች አልነበሯቸውም? እንግዳው ሰውዬ ዘፈኑን ይዞ ሲሄድ በር ላይ የቆመ ልጅ አልነበረም? ይህን ያሰብኩት ባለፈው ሳምንት ነው፣ የልጅ ልጄ ስትጫወት።

ጓደኛዬም እዚሁ ባሕር ማዶ ናት፤ ፕሊማውዝ በምትባል ቅርብ ከተማ፣ ልጇ ዘንድ። መርሳት ይዟታል፤ አንዳንዴ ነርስ እመስላታለሁ። እሑድ ልጄ አደረሰኝና ያን ዘፈን ታስታውሰው እንደሆነ ጠየቅኳት። የጋቢዋን ጫፍ እየዳበሰች አንጎራጎረች። እዚያች ቦታ ስትደርስ ቆመች፤ ጥርሷን ገጠም አደረገች፤ ቀጠለች።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«እናቴ ናት» አለች። «ልብስ ሰፊ ነበረች።»

ላርማት አፌን ከፍቼ ነበር። ወንበሬን ጠጋ አደረግኩ።

«እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት።