ከክዳኑ ጀርባ የሚቀመጠው ተማሪ

ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመርኩ ዕለት የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አቶ ጌታሁን የኮምፒዩተር ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝና፣ "መብራት ካለ በኮምፒዩተር፣ ከሌለ በጠመኔ ታስተምሪያለሽ" አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መብራት ሄደ፤ ኮምፒዩተሩ ሁሉ ፊቴ ላይ ድርግም አለ። ደብረ ታቦር እንዲህ አድርጋ ተቀበለችኝ።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራም አጻጻፍ የማስተምረው በተማሪዎቹ ላፕቶፕ ሆነ። ከአርባው ተማሪ ላፕቶፕ ያላቸው ስምንት ብቻ ነበሩ። ባትሪያቸው እስኪያልቅ ይሠራሉ፤ የሌላቸው በትከሻቸው ላይ አጮልቀው ያያሉ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ አጉል ቁጡ ነበርኩ። "እያንዳንዱ የራሱን ሥራ በፍላሽ ያስረክባል፤ የኮረጀ ዜሮ!" ብዬ ደነገግሁ። ላፕቶፕ የሌለው የት ይሥራው? እሱን አላሰብኩትም።

ከአንበሳሜ የመጣ ምስጋናው የሚባል ዲያቆን ተማሪ ነበረኝ። ሁልጊዜ ከጓደኞቹ ማዶ፣ ከላፕቶፑ ክዳን ጀርባ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ስክሪኑ አይታየውም። በቃ ይተኛል ብዬ ደመደምኩ፤ ለአቶ ጌታሁንም እንዲሁ ነገርኳቸው።

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል አራት ተማሪዎች ስሕተቱ ሳይቀር አንድ ዓይነት ሥራ አስረከቡኝ። አንዱ ምስጋናው ነው። ለአራቱም ዜሮ ሰጠሁ። ሦስቱን ሌላው ውጤታቸው ያድናቸዋል፤ እሱ ግን ካለፈው የውጤት ማስጠንቀቂያ ነበረበት፤ ከወደቀ ይባረራል።

ቢሮዬ መጣ። "የኔታ" አለኝ፤ ወዲያው ደንግጦ "ይቅርታ፣ መምህርት" አለ። "ሥራው የእኔ ነው። ላፕቶፕ ስለሌለኝ እኔ በቃሌ እላለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ።"

"ክዳን እያየህ?"

"ዳዊት ስማር መጽሐፉ አንድ፣ እኛ አምስት ነበርን። ለእኔ የደረሰኝ ቦታ ከማዶ ነው፤ ፊደሉ ተገልብጦ ነው የሚታየኝ። በቃል መያዝ ያኔ ለመድሁ።"

"እስቲ በለዋ!" አልኩት፣ ቁጣዬ ሳይበርድ።

ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። መስመር በመስመር፣ ቅንፉ ሲከፈት ሲዘጋ ሳይቀር ይለዋል። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ቀጥ አለ። "ኧረ! እዚህ ላይ ቆጠራው ከዜሮ ነበር መጀመር ያለበት። እኔ ነኝ ያሳሳትኋቸው።"

በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩበት ቦታ ነው። ወይ ጉዴ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አቶ ጌታሁን ዘንድ ሮጥኩና በቃሉ ያለው ይያዝለት አልኳቸው። "ደንቡ በኮምፒዩተር ይፈተናል ነው የሚለው" አሉ።

"በእኔ ላፕቶፕ ልፈትነው፤ እርስዎም ይቀመጡ" አልኳቸው።

አዲስ ጥያቄ ሰጠነው። መብራት የለም፤ ባትሪዬም ከግማሽ በታች ነው። ምስጋናው በአንድ ጣቱ፣ ሽምብራ እንደሚለቅም ሰው፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይፈልጋል። እኔ ባትሪውን አያለሁ። የባትሪው ማስጠንቀቂያ ብልጭ ሲል ፕሮግራሙ ሠራ። አቶ ጌታሁን መነጽራቸውን አወለቁና፣ "ተኝቷል ያልሽኝ ይኼን ነው?" አሉኝ። ዜሮውን ሰረዝኩ፤ ሦስቱንም እንደገና ፈተንኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎቹን በየላፕቶፑ አምስት አምስት አድርጌ አስቀመጥሁ፤ ሕጉም አንድ ነው፦ ባለቤቱ ቁልፍ አይነካም። እሱ ይናገራል፣ የሌላቸው በተራ ይጽፋሉ። ባለቤቶቹ አጉረመረሙ፤ የአንዷም ላፕቶፕ ቁልፍ ተነቅሎ እኔው አስጠገንኩላት። ግን ማንም ከማዶ አልቀረም።

ምስጋናው ዛሬ ሐሙሲት ከተማ ያስተምራል። ባለፈው ክፍሉ ገብቼ ነበር። ተማሪዎቹ በአንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለዋል፤ እሱ ከክዳኑ ጀርባ ቆሞ ያዳምጣል።

ለተማሪ ዜሮ ከመስጠት በፊት የት ተቀምጦ እንደሠራው መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ ሳልጠይቅ ሰው ላባርር ነበር።