በመደቡ ሥር የለመደችው አይጥ

ልጅ ሳለሁ አያቴ ማታ ማታ የሚነግሩኝ የአንዲት አይጥ ተረት ነበር። የተረቱንና የእውነቱን ድንበር ዛሬ በትክክል መለየት ስለሚያስቸግረኝ፣ ከምጽፈው አንዳንዱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

አያቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበሩ። ቤታችን አንድ ክፍል ብቻ ነበረች፤ በአንድ በኩል የሽመናው ዕቃ፣ በሌላው በኩል ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የጭቃ መደብ። ወጣት ሁሉ በሚታደንበት በዚያ የደርግ ዘመን፣ ተማሪ የነበረው አጎቴ ታደሰ ከመደቡ ሥር በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ነበር። የጉድጓዱን አፍ በጆንያ እንሸፍነዋለን። ከአያቴ፣ ከእናቴና ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ያስቸገረችን አይጧ ናት። ሸማኔ ድሩ እንዳይበጠስበት ቀጭን የዱቄት ሙቅ ይቀባዋል፤ የደረቀው ሙቅ ደግሞ አይጥ ይጠራል። ስለዚህ በሸማኔ ቤት አይጥ ምሕረት የላትም። ይህቺ ግን አያቴ ሳይደርሱባት ከሽመናው ዕቃ ሥር ካለው ቀዳዳዋ እየወጣች ወደ አጎቴ ጉድጓድ መግባት ጀመረች። መጀመሪያ እግሩ ላይ ስትወጣበት ደንግጦ ጮኸ። ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ ሲጠይቅ፣ እናቴ ልጁ ቃዥቶ ነው ብላ ሸኘችው። መርዝ ብናደርግላት እዚያው ከእሱ ጋር ገብታ ልትሞት ነው። ዳግመኛ ከጮኸ ደግሞ ማንም ቃዠ ብሎ አያምነንም። የቀረው መንገድ እሷንና እሱን ማላመድ ነበር።

ማምሻውን፣ የባሕር ዛፉ ጭራሮ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ፍሙ ሲከስምና ኩራዙ ሲለኮስ፣ አያቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው በአይጥ ቤት ስላደረ እንግዳ ይተርኩልኝ ነበር። እንግዳው መጀመሪያ ፍርፋሪውን ከእግሩ ራቅ አድርጎ አስቀመጠ። ሌላ ቀን ጠጋ አደረገው። በኋላም መዳፉ ላይ አድርጎ፣ አይጧ እስክታሸተው ድረስ ጣቱን እንኳ ሳያነቃንቅ ቆየ። የሚያበላትም ሁልጊዜ ያው አንድ እጅ ነበር፤ ሽታው እንዳይምታታባት። ያኔ ተረቱ ለእኔ የሚነገር ይመስለኝ ነበር። አጎቴ ግን ከሥር ሆኖ እየሰማ የተባለውን አንድ በአንድ ይፈጽም ነበር። ሌላም ስምምነት ነበራቸው፤ ሰው ቤት ከገባ አያቴ ተረቱን ይቀጥላሉ፣ ተረቱ እስኪያልቅ አጎቴ አይነቃነቅም።

ዘዴው ሠራ። አይጧ የአያቴን የተረት ድምፅ ስትሰማ ከቀዳዳዋ ወጥታ፣ ወለሉን አቋርጣ፣ በጆንያው ሥር ትገባ ጀመር። አጎቴ ምግብ ሳቀብለው ጓዲት ዛሬ መዳፌ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት ብሎ ሳቀ። እኔም ላብላት ብዬ ብጠይቀው እምቢ አለኝ። አያቴ ወደ መደቡ ጎንበስ አሉ።

«ጓዲት እያልክ አትጥራት፤ ይሄ ልጅ ደጅ ወጥቶ ይደግመዋል» አሉት።

አንድ ምሽት ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች ገቡ። ሲገቡ የተናገሩትን አላስታውስም። የማስታውሰው የጠመንጃቸው ሰደፍ ወለሉን ሲነካና አያቴ ወደ እኔ ዞረው፣ ከወትሮው ትንሽ በሚቀጥን ድምፅ፣ ተረቱን ካቆሙበት ሲቀጥሉ ነው። ያኔ አይጧ ወጣች። በሁለቱ ሰዎች ጫማ መካከል ሳትቸኩል አለፈች።

አንደኛው የዚያው ሰፈር የሸማኔ ልጅ ነበር። ቆሞ አይጧን ተመለከታት።

«አባባ፣ ሸማኔ አይጥ ያለምዳል እንዴ?»

«ልጁ ነው ያለመዳት» አሉ አያቴ።

«እስቲ ጥራት፣ ማሙሽ።»

ቁራሽ እንጀራ አንስቼ መዳፌን ዘረጋሁ። አይጧ ቀረበች፤ ጢሟ ጣቴን ነካው። የምትበላልኝ መሰለኝ። ካሸተተችኝ በኋላ ግን ዞራ በጆንያው ሥር ገባች። ሰውየው ጆንያውን በእግሩ ገፋው።

አጎቴ አልታገለም። ጎትተው ሲያወጡት ቀኝ መዳፉ እንደተዘረጋ ነበር፤ ፍርፋሪው ላዩ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላየነውም። አያቴም ተረት አልነገሩኝም። አይጧ ለጥቂት ምሽቶች እየመጣች ባዶው ጉድጓድ አፍ ላይ ትቆም ነበር፤ አያቴ እያዩዋት አልገደሏትም፣ አላበሏትምም።

አያቴ ያስተማሩት ዘዴ ስህተት ይኖርበት እንደሆነ ደጋግሜ መርምሬ አላገኘሁበትም። አይጧም ያመነችውን ሰው አልለወጠችም። ዛሬ ሰው ረጋ ባለ፣ በለሰለሰ ድምፅ ሲያጫውተኝ ደስ ይለኛል፤ ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነው።

ለብዙ ጊዜ ሰዎቹ የመጡት ጥቆማ ደርሷቸው ሊፈትሹ ይመስለኝ ነበር። አያቴ ካረፉ በኋላ እናቴን ጠየቅኋት። እሷም ተሳስታ ሊሆን ይችላል ብዬ ያንን የሸማኔ ልጅ ፈልጌ አገኘሁት። ሁለቱም የነገሩኝ አንድ ነው፤ የመጡት አያቴን ለሸማኔዎች ማኅበር ስብሰባ ሊጠሩ ነበር። ነግረዋቸው ጨርሰው፣ ተረቱ ሲቀጥል፣ ለመውጣት ዞረው ነበር።