በአባቴ ትራስ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ

አባቴ ባረፈ በሁለተኛው ወር፣ ታኅሣሥ ላይ፣ የእማዬ መኝታ ቤት ኮርኒስ ማንጠባጠብ ጀመረ። ዝናብ የሚባል ነገር የለም፤ ሐዋሳ በአቧራ ታፍናለች። ውሃው ግን ንጋት ላይ ጠብ ይላል፤ ያውም በአባቴ ጎን፣ ትራሱ ላይ ብቻ። የእማዬ ጎን ደረቅ ነው።

"ሳንታረቅ ነው የሄደው" አለችኝ። የሞተ ቀን ጠዋት በማይረባ ነገር ተኮራርፈው ነበር። "ይኸው አልተወኝም። ቤቱን ሸጬ እሄዳለሁ።"

"ኧረ በፈጠረሽ እማዬ! ጣሪያው ተቀዶ ነው" አልኳት። ጎረቤታችን ወጥቶ አየልን። አንዲት ቀዳዳ የለም። ከዚያ ወዲህ እኔ የተማርኩት፣ እኔ ምላሴ የማይታጠፈው፣ እዚያ ክፍል ብቻዬን መግባት ፈራሁ። እርጥቡ ትራስ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ሳየው ሰው የተኛበት እየመሰለኝ በሩን መልሼ እዘጋለሁ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ለማለዳ ጸሎት መጡ። ዘጠኝ ሆነው፣ የወባ ትንኝ እንዳይገባ መስኮቱን ጥርቅም አድርገው፣ አልጋውን ከበው ጸለዩ። ጸሎቱ በጋለ ቁጥር ጠብታው ፈጠነ። መሪያቸው "ውጣ!" ብለው ሲጮኹ አንዷ ጠብታ ግንባራቸው ላይ አረፈች። ቀና ብለው አዩና ግንባራቸውን ጠረጉ። ጠብታው ግን ጠብ፣ ጠብ ማለቱን ቀጠለ።

እማዬ ወዲያው ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከታ ቡሹሎ እህቷ ጋ ልትሄድ ተነሳች። "አናጺ ይየውና ትሄጃለሽ" ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ።

የመጡት አናጺ ሸምገል ያሉ ናቸው፤ የጸሎቱን ነገር ሁሉ ነገርናቸው። አንድ የኮርኒስ ቺፑድ ነቅለው አንገታቸውን ወደ ላይ አስገቡና ሳቁ። "ቆርቆሮው አልቦት ነው እኮ! ዘንድሮ ሌሊቱ ከወትሮው ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሻችሁ በኮርኒሱ ስንጥቅ ወጥቶ ሲነካው ውሃ ይሆናል። የድስት ክዳን አይታችሁ አታውቁም? ዘጠኝ ሰው ዘግቶ ሲጮኽበትማ ምን ያድርግ!"

ለካ ያዘነብነው እኛው ነን! ሳቄ አመለጠኝ። እማዬ አልሳቀችም።

"የእኔ ጎን ታዲያ ለምን ደረቀ?" አለች ሻንጣዋን ሳትለቅ።

አናጺው አንገታቸውን መልሰው አስገቡና በእሷ ጎን በኩል በእጃቸው ዳበሱ።

"እትዬ፣ በእርስዎ በኩል ስፖንጅ አለ። ያረጀ ፍራሽ ተቆርጦ ቆርቆሮው ስር በሽቦ ታስሯል። የዝናብ ድምፅ እንኳ አያሳልፍም። ማን ነው የሠራው? ለዚያኛው ጎን አልበቃ ብሎት ነው መሰለኝ።"

ከአባቴ በቀር ማን ይሆናል? ክረምት በመጣ ቁጥር የቆርቆሮው ጩኸት የእማዬን ራስ እየፈለጠ አያስተኛትም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ራስ ምታቱ ድንገት ተዋት።

እማዬ ሻንጣውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

"ጌታ ፈወሰኝ ብዬ ጉባኤ ፊት ቆሜ መሰከርኩ እኮ" አለች። "አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ከሁሉም ጮክ ብሎ አሜን ያለው እሱ ነው።"