የሬሳ ማቃጠያ ቤቱ አግዳሚ

ይሄን ስሙኝማ። መሃል ለንደን አንድ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ ጋርድ ነኝ። ስራዬ ቀኑን ሙሉ ቆሞ «አይነካም» ማለት ነው። አሁን የመጣው የጃፓኖች ሬሳ ማቃጠያ ቤት ሞዴል ነው፣ በእንጨትና በወረቀት የተሰራ። ስሩ የተጻፈው ግማሹ አይገባኝም፤ ትምህርቱን ቶሎ ነው የተውኩት። አንዷ ክፍል ግን ገባችኝ። ሬሳው ተቃጥሎ እስኪያልቅ ቤተሰቡ የሚጠብቅባት ናት። ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ፊት ለፊቱ ኩሬ። አግዳሚው ላይ ጥፍር የምታክል ሴትዮ ብቻዋን ተቀምጣለች። ተነሺ የሚላት የለም።

አባቴን የቀበርነው አምና በዛ ብርድ ነው። የመቃብር ቦታው ጸሎት ቤት የተሰጠን ግማሽ ሰዓት ነበር። ቄሱ ፍትሐቱን ሳይጨርሱ አንዱ የቦታው ሰራተኛ ሰዓቱን እያየ በሩን ከፈተው። ደጅ የሌላ ሰው ሬሳ ተራ ይጠብቃል፤ በነሱ አልፈርድም። ከቀብር ስንመለስ አሮጊቶቹ ፓርኪንጉ ላይ በሁለት ቫን መሃል ቆመው አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። መኪና ሪቨርስ ባደረገ ቁጥር «እማማ፣ ትንሽ ዞር ይበሉ» እያልኩ ሰው ሳስነሳ ነበር። በአባቴ ቀብር ላይ ጋርድ ሆንኩ። እርሜን ሳላወጣ ይኸው እስከዛሬ አለሁ።

ማክሰኞ የአባቴን ጓደኛ ከዊልስደን በባስ ይዣቸው መጣሁ። ጎንበስ ብለው ሞዴሉን አዩት።

«ያቃጥሉታል ነው የምትለኝ?»

«አዎ ጋሼ። ከዛ ቤተሰቡ አጥንቱን በቾፕስቲክ ይለቅማል።»

«በስመ አብ። አደራህን፣ እኔን ለነዚህ እንዳትሰጠኝ።» ደግመው ወደ አግዳሚው ጎንበስ አሉ። «መቀመጫ ግን አላቸው።»

«አላቸው።»

«አባትህ ይሄን አግዳሚ ቢያገኝ ጫማውን አውልቆ ጋደም ነበር የሚለው።»

ሳቅኩ። እየሳቅኩ ለቅሶዬ መጣ። «መጣሁ ጋሼ» ብዬ ቶይሌት ገባሁ፣ እንዳይሰማብኝ ቧንቧ ከፈትኩ። ገና ስጀምር አንዱ በሩን አንኳኳ። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

እሳቸውን ባስ ላይ አሳፍሬ ተመለስኩና አግዳሚው ላይ ያለችው ሴትዮ አጠገብ ቆምኩ። ከጎኗ ሰፊ ቦታ አለ።

እናንተ ያንን ጸሎት ቤት የሰራችሁት፣ የሬሳ መኪናው የሚዞርበትን አሳምራችሁ ለክታችኋል። ልጁ የሚያለቅስበትንስ የት አደረጋችሁት?