የማማ ሜሪ ጓዳ

ዛሬ ጠዋት በስደት በምኖርበት በትሮይቪል ሰፈር ያለውን ሱቄን ስከፍት አንድ ሄሊኮፕተር ጣራውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አለፈ። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባና ወደ ጁባ፣ ወደ ዘጠኝ ዓመት ልጅነቴ መለሰኝ።

ከሆሳዕና የሄደው አባቴ እዚያ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረው። ደቡብ ሱዳን ነጻ ከወጣች ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላት እርስ በርሷ ተዋጋች። ተኩሱ ሲበረታ ጎረቤታችን ማማ ሜሪ አባቴንና እኔን ጓዳዋ ውስጥ ደበቀችን። ጓዳው የተፈጨ ለውዝና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ነበረው።

በላያችን አውሮፕላን ሲያልፍ አባቴ፣ "አሜሪካኖቹ ሰዎቻቸውን እያወጡ ነው፤ እኛም አየር ማረፊያ እንሂድ" አለ።

"አንተን ማን ያሳፍርሃል?" አለችው ማማ ሜሪ። "ሰርጋችንን የደገሱልን እነሱ ነበሩ። ባልና ሚስት ስንጣላ ግን ሚዜዎቹ ጥለውን ሄዱ።"

እኔ ስለ ባሏ የምታወራ መስሎኝ አዘንኩላት።

ወዲያው በሩ ተደበደበ። የታጠቁ ሰዎች፣ "የውጭ ሰው ደብቀሻል?" ብለው ጮኹባት።

"እዚህ ያሉት ልጆቼ ብቻ ናቸው" አለች። አባቴ አፌን በእጁ ይዞ ነበር። የእሷ ድምፅ አልተንቀጠቀጠም። ሰዎቹ ሄዱ። በአምስተኛው ቀን ራሷ ወደ ኡጋንዳ በሚሄድ አውቶቡስ አሳፈረችን።

ማማ ሜሪ ሰርግ ያለችው ነጻነታቸውን፣ ሚዜዎች ያለቻቸውም ኃያላን አገሮችን እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አባቴ አሁን ሆሳዕና ይኖራል፤ ሲጸልይ ከእኛ ከልጆቹ አስቀድሞ የእሷን ስም ይጠራል። እኔም ዛሬ ደንበኛ እስኪመጣ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ እንደሱ ስሟን አስቀድሜ ጸለይኩ።