በግራቸው የሚበሉት ሠርገኞች

ልጄ ቤቲ ማንጋ የሚባለውን የጃፓን የሥዕል ታሪክ ለአሜሪካ አንባቢ ታዘጋጃለች። የጃፓኑ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ፣ ሥዕሉን ሁሉ መስታወት ውስጥ እንደሚታየው ገልብጣዋለች። ታሪኩን የሣሉት ሠዓሊ ሞተዋል፤ ልጃቸው፣ አንድ ሽማግሌ፣ የማሳተሚያ ፈቃዱን ሊፈርምላት ቴሌግራፍ አቬኑ የሚባል መንገድ ላይ ያለ ካፌ ቀጠራት። እኔ ነኝ የነዳሁላት፤ መዘግየት ስለምፈራ ቀድመን ደረስን።

ሰውየው ገጾቹን አገላብጦ አየና ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ። የሁለት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ አልኩ በልቤ። አጮልቄ ሳይ ገጹ ላይ የሠርግ ድግስ አለ።

«ቤቲዬ፣ ሠርገኞቹ ሁሉ በግራ እጃቸው ነው እንዴ የሚበሉት?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አባዬ፣ ፕሊስ!» ብላ እግሬን ረገጠችኝ።

«ምን አሉ?» አለ ሰውየው። እያፈረች ተረጎመችለት። ጠረጴዛውን በጥፊ መታው።

«እኔንም የቆረቆረኝ እሱ ነው! አባቴ በግራህ አትብላ እያለ ነው ያሳደገኝ!»

ቤቲ ሥዕሉን ወደ ነበረበት እንደምትመልስ፣ አንባቢው ከቀኝ መጀመር እንደሚለምድ ቃል ገባችለት። ሰውየው እጄን ጨብጦ «ልጅዎ ጎበዝ ኤዲተር አላት» አለኝ። ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ብዕሩን አንስቶ ፈረመላት፤ በግራ እጁ።