የሰዒድ ፒክአፕ ጎሮ ገባች

ስደተኛ በሌሊት ይወጣል ይባላል። እኔም ከኮምቦልቻ በሌሊት ልወጣ ነበር የተቀጣጠርነው፤ የጭነት መኪናው ሾፌር ቁርሱን በልቶ፣ ሻዩን ደጋግሞ እስኪመጣ ፀሐይ ወጣች። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ እያየኝ ወጣሁ። የሟች ባለቤቴ የሰዒድ ፒክአፕ ጭነቱ ላይ በገመድ ታስራለች፤ እኔ ከሾፌሩ አጠገብ የመፍቻ ሳጥኑን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀምጫለሁ። መኪና መኪናን አዝሎ ሲሄድ ያየው ጎረቤት እጁን ሲያወዛውዝ ለእኔ ይሁን ለእሷ አልለየሁም።

የሰዒድ ወንድም እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አልተወኝም። "ፈታተን እንሽጣት፤ ጎማዋም በሯም ራዲያተሯም ለየብቻው ገዢ አለው" ይለኛል። ሰዒድን ከቀበርን ገና ክረምቱ አልወጣም። እንዲህ ያለ ወሬ ስለ መኪና ነው ብሎ መስማት ለእኔ ከባድ ነበር።

"ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ፤ ይሄ ምኑ ስደት ነው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ጎሮ መጥታችሁ ቤት ተከራዩና እናውራ።

ልጄ ዘይነብ ቦሌ አንድ ቢሮ ትሠራለች። ሕፃን ልጇን እንድይዝላት ጠራችኝ፤ እኔም ፒክአፗ ካልመጣች አልመጣም አልኩ። ጎሮ ከአከራያችን ከአቶ ግርማ ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል አላት። ብርዱ ሌላ ነው። ኮምቦልቻ በቀሚስ ብቻ በምወጣበት ሰዓት እዚህ ጋቢ ላይ ሹራብ እደርባለሁ። ቅርንፉድ ያለው ሻይ ስጠይቅ "ማኪያቶ ይሻልዎታል" ይሉኛል። ሁሉም በር ዝግ ነው፤ በሩ ሲከፈት የሚወጣው መኪና ነው፣ ሰው አይደለም።

መታወቂያ ላወጣ መሸኛዬን ይዤ ወረዳ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ቀና ሳትል "ሥራ?" አለችኝ።

"ባለቤቴ መካኒክ ነበር፤ ጋራዡ ውስጥ ከጎኑ ሆኜ መፍቻ አቀብል ነበር።"

"የቤት እመቤት ልበልዎት?"

"ቤት ውስጥ እኮ አልነበረም።"

"እናቴ፣ ኮምፒውተሩ የጋራዥ እመቤት አያውቅም።"

የቤት እመቤት ሆንኩ። የራሴ ቤት የሌለኝ መሆኑን ኮምፒውተሩ አልጠየቀም።

ዋናው ችግሬ ግን አቶ ግርማ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ናቸው። የኤሌክትሪክ ነው። ሲገባና ሲወጣ አይሰማም፤ ጥዋት ጥዋት እንደ ሌባ ሹልክ ይላል። ቻርጅ የሚደረግበት ገመድ የሚደርሰው ደግሞ ፒክአፗ የቆመችበት ቦታ ብቻ ነው።

"እናቴ፣ የምትሄድ ብትሆን መኪና ናት እላለሁ" አሉኝ። "የማትሄድ ከሆነ ዕቃ ናት። ዕቃ ደግሞ ኪራዩ ውስጥ የለም።"

"ትነሳለች፣ አቶ ግርማ።"

"እስከ ቅዳሜ ትነሳና ትውጣ። ካልሆነ ብረት የሚገዛ ሰው አውቃለሁ። እሱንም ካልፈለጉ ቤቱን ይልቀቁልኝ።"

ዘይነብ ማታ ከሥራ ስትመጣ ነገርኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። "እማዬ፣ አባዬን እኔም እወደዋለሁ። ግን በዚህ ዋጋ ሌላ ቤት አናገኝም" አለችኝ። እውነቷን ነው።

በማግስቱ ከአስፋልቱ ዳር ካሉት ጋራዦች አንድ መካኒክ አመጣሁ። በእጁ የያዘው ስልክ የመሰለ መመርመሪያ ብቻ ነው። በመሪው ሥር ጎንበስ ብሎ ሲዳስስ ቆየ።

"ማዘር፣ የምሰካበት የታለ?"

"ምን ልትሰካ?"

"ይሄንን። ኮምፒውተሯ ምን እንደሆነች ይነግረኛል።"

"ኮምፒውተር የላትም። ራሷን ጠይቃት።"

ሳቀ። "ፋራ መኪና ናት፣ ማዘር፤ ይሽጧት" ብሎኝ ሄደ።

እንግዲህ ቀሚሴን ሰብስቤ ራሴ ገባሁበት። ሰዒድ "ሞተር ከሰው ይሻላል፤ የሚፈልገው አራት ነገር ብቻ ነው" ይል ነበር። አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ፒስቶኑ ያምቀዋል፤ ካንዴላው እሳት ይሰጠዋል፤ ሲፈነዳ ፒስቶኑን ይገፋዋል። ጭሱን አስወጥቶ እንደገና ይስባል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሦስቱ ዋጋ የላቸውም። ቤንዚኑን ቀየርኩ፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፍኩ። እመቃው ደህና ነው፤ ሰዒድ ሞተሯን አውርዶ የሠራት ከመታመሙ በፊት ነበር። የቀረው እሳቱ ነው። ካንዴላዎቹን ፈታሁና ጥቀርሻቸውን በሽቦ ብሩሽ አነሳሁ። እሳቱን የምታቆራርጠው ፑንቲና ዝጋ አገኘኋት፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አደረግኋት።

ሰዒድ መኪና ሥር ሲገባ የሚታየኝ መዳፉ ብቻ ነበር። "አሥራ ሦስት" ሲል አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አስቀምጥበታለሁ። አመሰግናለሁ ብሎኝ አያውቅም። ያን ቀን ሞተሩ ውስጥ እንዳቀረቀርኩ "አሥራ ሦስት" ብዬ እጄን ወደ ጎን ዘረጋሁ። ትንሽ ጠበቅሁ። ከዚያ ሄጄ ራሴ አመጣሁት።

ቅዳሜ ደረሰ። ባትሪዋ ደክሟል። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ለማዞር አይበቃም፤ ለካንዴላው እሳት ግን ይበቃል። ስለዚህ መገፋት አለባት። ኮምቦልቻ ቢሆን መንገደኛው የያዘውን አስቀምጦ ይገፋል፤ ሰላምታ የሚሰጣጠው ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነው። ጎሮ ግን መጀመሪያ የግቢው ዘበኛ አቶ ግርማን አስፈቀደ። ፊት ለፊት ካለው ግንባታ ሁለት ሠራተኞችን ለመንኩ። አቶ ግርማም የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው ወጡ፤ ቦታውን ፈልገውታል።

"ማን ነው የሚነዳው?" አሉ።

"እርስዎ ቢነዱልኝስ?"

"ፍሪሲዮን ያለው መኪና ከተውኩ ቆየሁ። ከግንብ ጋር አላጣላዎትም።"

ስለዚህ ገባሁ። ሞተር ስንቴ ሲፈታ አይቻለሁ፤ መሪ ይዤ ግን አላውቅም። ስንገፋ ሰዒድ ከውስጥ ነው፣ እኔ ከኋላ። ፍሪሲዮኑን ረግጬ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ከበሩ ወጥተን የኮብልስቶኑን ቁልቁለት ያዝን። ስትፈጥን ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁት። ጎማው ሞተሩን ያዘው፤ ፒክአፗ ተንገጫገጨች፣ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ አቶ ግርማ ላይ ተፋችባቸው፣ ተነሳች። ማርሹን አውጥቼ በእጅ ፍሬን ከጥግ አቆምኳት።

የሰዒድ እህት ሀዋ ጋ ደወልኩ። ሳልናገር ስልኩን ወደ ሞተሩ ዘረጋሁላት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ መለስኩት። ከሀዋ ኋላ የአማቴ ድምፅ መጣ፤ እርጅና ሀሳባቸውን እየወሰደባቸው ነው።

"ሰዒድ መጣ። በሩን ክፈቱለት እንጂ፣ ውጭ አታቁሙት" አሉ።

"ምን ልበላቸው?" አለችኝ ሀዋ በሹክሹክታ።

አቶ ግርማ ደግሞ በመስኮቱ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው "እናቴ፣ ተነሳች አይደል? አሁን ያጥፏት" ይሉኛል።

ስልኩን እንደገና ወደ ሞተሩ ዘረጋሁ። ነዳጁን ትንሽ ረገጥ አደረግሁት።